በቁም ሣጥን በር ላይ የቆመችው

«ላባ» የሚለው ቅጽል ስም ከየት እንደመጣ ሠራተኞቿ የሚያውቁ ይመስላቸዋል። ሥራዋ የመኪና ወንበር ማልበስ ስለሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ከስፖንጅና ከጥጥ ጋር ስለምትውል፣ በቃ ከዚያ ነው ብለው ደምድመዋል። ደንበኛው ሁሉ «እትዬ ላባ» እያለ ይጠራታል። ስሙን ሰምቶ ሲመጣ ሰውነቷን አይቶ ሳቁን የሚውጥም አይጠፋም፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ክንዷ የከባድ መኪና ሹፌር ክንድ፣ ስትነሳ የተቀመጠችበት ወንበር እፎይ የሚል የሚመስል ሴት ናት። እሷ ግን ስለ ስሙ ለማንም አስረድታ አታውቅም። የጠየቃትም የለ።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ የአንድ ሚኒባስ ወንበሮች ተነቅለው የሱቁን መሬት ሞልተውታል። አንደኛው ሠራተኛ አሮጌውን ጨርቅ በፒንሳ ይነቅላል፣ ሌላኛው ማስቲሽ ይቀባል፣ እሷ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ወፍራሙን ቆዳ ትሰፋለች። ሬዲዮው መደርደሪያው ላይ እንደ ልማዱ ለራሱ ያወራል። ድንገት የምታውቀው ድምፅ መጣ። እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች።

«ወንድሜ አይደል እንዴ? ከፍ አድርገው እስቲ።»

እውነትም ታላቅ ወንድሟ ነው። የከተማው የጀልባ ክበብ ሊቀመንበር ከሆነ ቆይቷል። ክበቡ ሐይቁ ዳር አዲስ የጀልባ ማረፊያ አሠርቶ እሑድ ሊያስመርቅ ስለሆነ ጋዜጠኛዋ እንግዳ አድርጋዋለች። ላባ መጀመሪያ ደስ አላት። «ድምፁ ሲያምር!» ብላ ወደ ሠራተኞቿ ዞረች፤ የሚያኮራ ወንድም እንዳላት ይወቁላት ብላ።

«በዚህ ሐይቅ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በውሃ ሸርተቴ የሄዱት እርስዎ ነዎት ይባላል» አለች ጋዜጠኛዋ። «ያውም ሞተር በሌለው ጀልባ እየተጎተቱ። እውነት ነው?»

ወንድሟ ሳቅ አለ። «ልጆች ነበርን። ሞተር ከየት ይመጣል? ጓደኞቼ ይቀዝፋሉ፣ እኔ ከኋላ በገመድ እጎተታለሁ። የቆምኩበትም የቁም ሣጥን በር ነው። ልክ ስቆም ከፊቴ ማዶ ያለው ኮረብታ፣ ከኮረብታው በላይ ፀሐይዋ፣ ውሃው ከበሩ ግራና ቀኝ ሲሰነጠቅ… እስከ ዛሬ ዐይኔ ላይ አለ።»

የላባ ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ቤተሰብ ያውቅ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ! የምታውቀው ታናሽ እህቴ ብቻ ናት። እሷ ዳር ላይ ሆና ልብሳችንን ትጠብቅልን ነበር።»

ላባ ተነሳች። ወደ መደርደሪያው ሄዳ ሬዲዮውን አልዘጋችውም፤ ከነገመዱ ነቀለችው። ሶኬቱ ፍንጣሪ ተፋ። ሁለቱ ሠራተኞች ፒንሳና ብሩሽ እንደያዙ ፈዘዙ።

«ልብስ?» አለች። «ልብስ ነው ያለው? ሰምታችኋል?»

«አዎ እትዬ፣ ልብስ ነው ያሉት» አለ ባለፒንሳው፤ ምኑ እንዳናደዳት አልገባውም።

«እኔን! ልብስ ጠባቂ!»

ያን ቀን የሰፋችው ቆዳ ሁሉ ጠመመ። ሦስት ጊዜ ተረተረችው።

ነገሩ የሆነው ላባ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጁ ሁሉ ሐይቅ ዳር በሚውልበት ሰሞን ነበር። የሠፈሩ ፀጉር አስተካካይ ግድግዳው ላይ ከመጽሔት የተገነጠለ ሥዕል ለጥፏል፤ አንድ ሰውዬ ሁለት ቀጫጭን ጣውላ ተጫምቶ፣ በሞተር ጀልባ እየተጎተተ ውሃ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወንድሟና ሦስት ጓደኞቹ ፀጉር ሊቆረጡ ሄደው ያንን አይተው አብደው ተመለሱ። ሞተር አልነበራቸውም። ያገኙት ትምህርት ቤቱ ድሮ ለእሽቅድምድም ይጠቀምበት የነበረ፣ ተሰንጥቆ ከመጋዘን ኋላ የተጣለ ቀጭን ረጅም ጀልባ ነው። ስንጥቁን በሬንጅ ደፈኑት። አራት መቅዘፊያ ከየትም ለቃቀሙ። ለመቆሚያ ደግሞ ከአባታቸው የአናጢ ቤት አንድ ሰፊ የቁም ሣጥን በር ተዋሱ፤ ባለቤቱ ሳያውቅ መውሰድ መዋስ ከተባለ።

መጀመሪያ የሞከረው ወንድሟ ነው። ታላቅ እሱ፣ ሐሳቡም የእሱ። ችግሩ ያኔ «ድቡልቡል» ተብሎ ይጠራ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሦስቱ ጓደኞቹ ላብ በላብ እስኪሆኑ ቢቀዝፉ ጀልባው ከዛፍ ጋር የታሰረ ይመስል ንቅንቅ አላለም፤ በሩ ከነድቡልቡሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። ሌሎቹም በየተራቸው ውሃ ጠጥተው ተመለሱ። ላባ ዳር ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ወንድሟ ተናደደ።

«ምን ያስገለፍጥሻል? ነይ እስቲ አንቺ ሞክሪው!»

ገባች። አጥንትና ቆዳ የሆነች ልጅ ነበረች። የመጀመሪያው ቀን በሆዷ ተኝታ ተጎተተች፤ ሐይቁን በአፍንጫዋ ጠጣችው። በማግሥቱ በጉልበቷ። ገመዱ መዳፏን ልጦት ማታ እራት ስትበላ እናቷ እንዳያዩባት እጇን ጨብጣ ነበር። እየወደቀች፣ እየተነሳች፣ እየተሳደበች ቀናት አለፉ። ልጆቹ ሰልችቷቸው እንተወው ሲሉ እሷ ናት እምቢ ያለችው። ከማዶ፣ ከኮረብታው ሥር ተነስተው ወደ ከተማው ይቀዝፉ ነበር። አንድ ከሰዓት፣ አራቱም እየጮሁ ባለ በሌለ ጉልበታቸው ሲቀዝፉ፣ በሩ ከሥሯ ሲቀል ተሰማት። አንድ እግሯን አቆመች። ሌላውን አስከተለች። ቆመች!

ቀዛፊ ጀርባውን ወደሚሄድበት፣ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ላባ ቆማ ያየችው አራት ፊት ነው። ቲማቲም የመሰሉ፣ አፋቸው የተከፈተ፣ ዐይናቸው ሊወጣ የደረሰ አራት ፊቶች። ለእሷ የቀረበው የወንድሟ ነበር፤ ምላሱ ወጥቶ እንደ ውሻ ያለከልካል፣ ግን ይስቃል። ከእነሱ ጀርባ ከተማው፣ ጣሪያው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ድረስ ቆመች። ሲያልቅ ገመዱ ረገበና ላባ እንደቆመች፣ ቀጥ ብላ፣ እስከ ጉልበቷ፣ እስከ ወገቧ፣ እስከ አንገቷ ቀስ እያለች ሰመጠች። ገመዱን ግን አልለቀቀችም። ልጆቹ በሳቅ ሊገለበጡ ደረሱ። በኋላ ዳቦ ጋጋሪ የሆነው ቀጭኑ ልጅ «ይቺ ሰው አይደለችም፣ ላባ ናት!» ብሎ ጮኸ። ስሟ ከዚያ ነው።

በዚያ እረፍት ስንት ጊዜ እንደቆመች የቆጠረ የለም። እሷ ከአባቷ ቤት እስክትወጣ ድረስ እንደዚያ ሰሞን ደስ ያላት ጊዜ አልነበረም፤ ከወጣች በኋላም ቢሆን አጠራጣሪ ነው።

ከዚያ አንድ ዓሣ አጥማጅ ለአባቷ ነገራቸው። «ልጅህ በሠራኸው በር ላይ ቆሞ በሐይቅ ላይ ይሄዳል» አለ፤ ከሩቅ ስላየ ወንድ ይሁን ሴት አለየም። በሩ የሰው ትእዛዝ ነበር። አባቷ ሲያገኙት እንጨቱ አብጦ፣ ጠምሞ፣ ቀለሙ ተልጦ ነበር። ቀበቷቸውን ፈትተው ግቢው መሐል ቆሙ።

«ማነው?» አሉ።

ላባ አፏን ልትከፍት ስትል ወንድሟ ቀደማት።

«እኔ ነኝ አባባ።»

ተገረፈ። አንድ ጊዜም አልጮኸም። ሲያበቃ ከአናጢ ቤቱ ኋላ ሄዳ አጠገቡ ቁጢጥ አለች፤ ማልቀስ የጀመረችው እሷ ናት። «ዝም በይ» አላት። «ሴት ልጅ መሆኗን ቢያውቁ ይገድሉሽ ነበር። ከጠየቁሽ ልብስ ስጠብቅ ነበር በይ፣ እሺ? ልብስ ስትጠብቂ ነበር።»

እናቷ ጠየቋት። «ልብስ ስጠብቅ ነበር» አለች። እናቷ አመኑም አላመኑም፣ ልብስ ጠባቂነቱንም ከለከሏት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ ልብስ ሰፊ ዘንድ እንድትውል ተደረገ። በዓመቱ ሐይቁ ላይ ትንሽ ሞተር ያላት ጀልባ መጣች። ወንድሟ በእሷ እየተጎተተ እውነተኛውን ሸርተቴ ለመደ፤ ቀጥኖም ነበር። ጎበዝም ወጣው። ለሌሎች አስተማረ፣ ክበብ አቋቋመ፣ ሰው ሆነ። ላባ ልብስ ሰፊዋ ቤት በመስኮት የሞተሩን ድምፅ እየሰማች የአዝራር ቀዳዳ ትሰፋ ነበር።

በየሠርጉና በየልደቱ የበሩ ታሪክ ይነሳል። መጀመሪያ «ቆምን» ነበር የሚለው። ቆይቶ «ቆምኩ» ሆነ። ላባ ሰምታ ዝም አለች። ስለ እሷ የተገረፈ ወንድሟ አይደል? ሆድ ይፍጀው ብላ ይኸው አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ግን «ቆምኩ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ እሷን አውጥቶ ዳር ላይ ማስቀመጥ፣ ልብስ ላይ ማስቀመጥ፣ ያውም አገር በሚሰማው ሬዲዮ!

በማግሥቱ ዳቦ ቤት ሄደች። ከአራቱ ቀዛፊዎች በከተማው የቀሩት ወንድሟና ዳቦ ጋጋሪው ናቸው፤ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ከሄደበት አልተመለሰም። ዳቦ ጋጋሪው እጁ እስከ ክርኑ ዱቄት ሆኖ ከጓዳ ወጣ።

«ሬዲዮ ሰምተሃል?» አለችው ሰላምታም ሳታስቀድም።

«ሰማሁ» አለ። ዐይኑን ወደ ምድጃው አሸሸ።

«እና?»

«እና ምን? የልጅነት ጨዋታ እኮ ነው ላባዬ። ማን ቆመ ማን ተቀመጠ አሁን ምን ይሠራል?»

«ምንም ካልሠራ ለምን እሱ ሆኖ ይነገራል? እኔ ሆኜ ይነገራ!»

ዳቦ ጋጋሪው እጁን በሽርጡ ጠረገ። ጠርጎም እንደገና ጠረገው። «ልጄን ታውቂው የለ? ክበቡ ውስጥ ጀልባ ይነዳል። ወንድምሽ ነው ያስቀጠረልኝ።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህማ… ትኩስ ዳቦ ልስጥሽ?»

«ዳቦህን ብላው!» ብላው ወጣች። ስሟን ያወጣላት ሰው! መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲላት አልሰማችም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ቅድም ልትለው ይገባ የነበረውን አሁን ትለዋለች።

ከዚያ ቀጥታ ወንድሟ ቤት። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። «እንዴ፣ በሰላም ነው?» አለች ፊቷን አይታ። ላባ ጉንጯን ሳም አድርጋት አለፈች። ወንድሟ በነጠላ ጫማ ሳሎን ተቀምጧል፤ የተቀመጠበትን ሶፋ ያለበሰችው እሷ ናት።

«ጋሼ፣ መቼ ነው ልብስህን የጠበቅኩልህ?»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ፤ የሳቀው ነገሩን በሳቅ ሊያሳልፈው እንደሆነ ግን ታወቃት።

«ኦ! ሬዲዮውን ነው? ልጅቷ አጣድፋኝ እኮ ነው። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። ደግሞ የመጀመሪያ ቀን ጠብቀሽ አልነበር?»

«እናንተ ውሃ ስትጠጡ ነዋ! አጠገቤ ጥላችሁት ስለገባችሁ! ከዚያስ? አንተ እዚያ በር ላይ ቆመህ ታውቃለህ? አንተን የሚጎትት ጀልባ የት ተሠርቶ? አንተ ስትወጣበት እኮ ጀልባው ወደ ኋላ ነበር የሚሄደው!»

ሚስቱ ሳቋ አመለጣት፤ አፏን ያዘች። ወንድሟ እንደ ድሮው ቀላ።

«የተገረፍኩት ግን እኔ ነኝ» አለ። «ያንን ረሳሽው? ላንቺ ብዬ ነው ጀርባዬ የተላጠው!»

«አልረሳሁም። ለተገረፍክበት እስከ ዛሬ አመስግኜሃለሁ፤ አመስግኜህም ነው ዝም ያልኩት። ላንድ ቀን ግርፊያ ነው ዕድሜ ልክ የምከፍልህ? ለአባባ የነገርከውን ውሸት ለእኔ ብለህ ነገርክ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ለጋዜጠኛዋ የነገርከውስ ለማን ብለህ ነው? እሷም ቀበቶ ይዛ ነበር?»

ወንድሟ ነጠላ ጫማውን በእግር ጣቱ ያዟዙራል።

«ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያውቀው» አለ በመጨረሻ። «ክበቡ ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። አሁን ተነስቼ ምን ልበል?»

«እህቴ ናት በል። ሁለት ቃል ናት። ብዙም አታደክምም።»

«እሺ። እሑድ አስተካክለዋለሁ። ነይ፣ ስሚኝ። በቃ?»

«እንዳትረሳው» ብላ ወጣች። ሚስቱ እስከ በሩ ሸኝታት «ሬዲዮ ላይ ምን እንዳለ እኔም አልሰማሁም» አለቻት፤ ይቅርታ የምትጠይቅም የምትሸሽም ይመስል ነበር።

እሑድ ሐይቅ ዳር ሰው ጢም ብሎ ነበር። አዲሱ ማረፊያ ላይ ወንበር ተደርድሯል፣ የድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፣ ጀልባዎቹ ታጥበው ታስረዋል። ላባ ከመሐል ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ዳቦ ጋጋሪው ከኋላ ቆሟል፤ ስታየው አንገቱን ሰበረ። በክበቡ ቤት ግድግዳ ላይ የወንድሟ ትልቅ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ «በሐይቃችን ላይ የመጀመሪያው» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ግን ቃል ገብቶልኛል ብላ ጠበቀች።

ወንድሟ ኮት ለብሶ ማይክሮፎን ያዘ። ስለ ማረፊያው ተናገረ፣ የረዱትን አመሰገነ፣ ከዚያ የበሩ ታሪክ ላይ ደረሰ። ጀልባውን፣ ሬንጁን፣ ገመዱን አነሳ። ሰው ይስቃል።

«ይህን ሁሉ ስናደርግ» አለና ወደ እሷ ጠቆመ፣ «ታናሽ እህቴ ከጎናችን ነበረች። በጣም ታግዘን ነበር። እስቲ አጨብጭቡላት!»

ሰው አጨበጨበ። አጠገቧ የተቀመጡት አንዲት ትልቅ ሴት «ጎሽ የኔ ልጅ» ብለው ጭኗን መታ መታ አደረጓት። ላባ ጆሮዋ ውስጥ ጩኸት ብቻ ሆነ። ታግዘን ነበር! ልብስ መጠበቁ ይሻል ነበር፤ እሱስ ቢሆን ከአባቷ ቀበቶ የሸሸችበት ቃል ነው።

ተነሳች። የሄደችው ወደ መውጫው ሳይሆን ወደ ማይክሮፎኑ ነው።

«ልታመሰግን ነው» አለ አንድ ሰው።

«አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ» አለች ወንድሟን። ማይክሮፎኑን አልነጠቀችውም፤ ድምፅዋ ግን ለማሽን ጩኸት የተሠራ ድምፅ ስለሆነ እስከ ጀልባዎቹ ተሰማ። «ሬዲዮ ላይ ልክ ስቆም ከፊቴ ኮረብታው፣ በላዩ ፀሐይዋ ብለሃል። ብለሃል አይደል?»

«አልኩ። ተይ አሁን፣ ኋላ እንነጋገራለን።»

«አሁን ነው የምንነጋገረው። ጀልባው ከየት ወደ የት ነበር የሚሄደው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ከኮረብታው ወደ ከተማ ነዋ።»

«እንግዲያው ገመድ ይዞ የቆመ ሰው ፊቱ ወደ ከተማው ነው። ኮረብታው ከጀርባው ነው። ጀርባህ ላይ ዐይን ነበረህ? ኮረብታውን የሚያየው ቀዛፊው ነው። እኔ ያየሁትን ልንገርህ? የአንተን ምላስ! ምላስህ እስከ አገጭህ ወጥቶ ስታለከልክ ነው ያየሁት!»

ሳቅ ፈነዳ። ወንድሟ ፊቱ ተለዋወጠ። በሰው ፊት መሳቂያ መሆኑን መቼም ለምዶት አያውቅም፤ ንዴቱ አእምሮውን ቀደመው።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» ብሎ በማይክሮፎኑ ጮኸ። «ስትቆሚ ምን ትመስዪ እንደነበር አንቺ አላየሽውም! ያየሁት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያየሁት!»

የመጨረሻው ቃል በድምፅ ማጉያው ዙሩን ጨርሶ ሐይቁ ላይ ሄዶ ጠፋ። ምን እንዳለ ለራሱ የገባው ለሰው ሁሉ ከገባ በኋላ ነው። ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገ።

ከኋላ የአንድ ሰው ሳቅ ተሰማ፤ ዳቦ ጋጋሪው ነው። «እሷ ናት!» አለ ጮክ ብሎ። «እግዜር ያያል፣ እሷ ናት! አንድም ቀን ከእሷ ሌላ የቆመ የለም!» ልጁ ከጀልባው ላይ ሆኖ አባቱን በድንጋጤ ያየዋል።

«አንተ ደግሞ አሁን ገና ነው አፍህ የተፈታው!» አለችው ላባ ዞራ፤ በእሱም ላይ ንዴቷ አልበረደም ነበር። ከዚያ ቦርሳዋን ከወንበሯ አንስታ በሰው መሐል አልፋ ሄደች። ጭኗን የመቷት ሴትዮ ተከትለዋት እስከ መንገድ ደረሱ። «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» ሲሏት «ምንም አልሆንኩም እማማ፣ ተሰርቄ ነው» አለች።

እፎይ የምትል መስሏት ነበር። ሰኞ ጠዋት ስልኳ መጮህ ጀመረ። አክስቷ ደወሉ፦ «ወንድም በአደባባይ ይዋረዳል? ምናለ ቤት ውስጥ ብትነግሪው?»

«ቤት ውስጥ ነግሬው ነበር እታታ።»

«ታዲያ ደግመሽ አትነግሪውም?»

የአጎቷ ልጅ ደወለች፣ የወንድሟ ሚስት እህት ደወለች። ሁሉም ስለ እሱ ክብር ነው የሚያወሩት። አንዳቸውም «እውነት አንቺ ነሽ እንዴ የቆምሽው? እስቲ እንዴት ነበር?» አላሏትም። ላባን ከሬዲዮውም ከንግግሩም ይበልጥ ያበገናት ይሄ ነው። ስልኩን ዘግታ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው።

ወንድሟ ለብዙ ሳምንታት ድምፁን አጠፋ። እሷም አልፈለገችውም። በመጨረሻ አንድ ቀን፣ ሱቁ የአንድ ታክሲ ወንበሮች ሞልተውት ሳለ፣ በሩ ላይ ቆሞ አየችው። የሚረግጥበት አጥቶ በወንበሮቹ መሐል እየዘለለ ገባ። ከስቷል።

«ሬዲዮ ጣቢያው ሄጄ ነበር» አለ ተቀመጥ ሳይባል። «ላስተካክል ብዬ። ጋዜጠኛዋ አሁን ዜና አይሆንም፣ ጊዜው አልፏል አለችኝ።»

«ውሸቱ ዜና ነበር፣ እውነቱ ዜና አይሆንም?»

«እኔም እንደዚያው ብያታለሁ። ፎቶውን ግን አወረድኩት። ግድግዳው ባዶ ነው። ያንቺን የልጅነት ፎቶ ፈለግኩ፣ አንድ እንኳ አጣሁ።»

«ማን አንስቶኝ?» አለች። ማሽኑን አስነስታ አንድ መስመር ሰፋች። እሱ መቆሙን አልተወም። ሁለቱ ሠራተኞች ሥራ ላይ ያሉ መስለው ጆሯቸውን አቁመዋል።

«ይቅርታ» አለ ወንድሟ።

«አልሰማሁም፣ ማሽኑ ይጮሃል።»

«ይቅርታ አልኩ!»

ማሽኑን አቆመች። «እነሱም ይስሙ። እነሱ ሬዲዮውን ሰምተዋል።»

ወንድሟ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። ኮቱን አስተካከለ፤ ከንግግር በፊት የሚያደርገው ልማዱ ነው። «እኔ አልነበርኩም» አለ። «እህቴ ናት። እኔ ቀዛፊ ነበርኩ።»

«እኛማ የዚያኑ ቀን ቆዳው ሦስቴ ሲተረተር ገብቶን ነበር ጋሼ» አለ ባለፒንሳው፤ ላባ ዐይኗን ስታጉረጠርጥበት ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ታረቅን ማለት ነው?» አለ ወንድሟ።

«አልታረቅንም» አለች። «እንዲህ በቀላሉ የሚወጣልኝ መሰለህ? ገና ብዙ ጊዜ እናደድብሃለሁ። ምሳ ሰዓት ትዝ እያለኝ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።»

«እሺ። ተናደጂ።»

«እናደዳለሁ! ፈቃድህን አልጠየቅኩም!»

የታክሲውን የኋላ ወንበር ወደ እሷ ሳበችው። አዲሱን ቆዳ በስፖንጁ ላይ ዘርግታ ጫፉን ለመወጠር ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሠራተኞቹ ደግሞ እጃቸው ማስቲሽ ብቻ ነው። ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ኮትህን አውልቅና በዚያ በኩል ያዝልኝ» አለችው። «ጠበቅ አድርገህ። ወደ ራስህ ሳበው… እንደሱ አይደለም፣ ጋሼ፣ ይጠምብኛል! ሳበው!»